ያገለገለ ሩቢዲየም ስትገዛ የምትገዛው የላምፑን ቀሪ ዕድሜ ነው

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ሳቢያን ነኝ። ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተምሬ የመገናኛ ሬድዮና የመለኪያ ዕቃ ጥገና እሠራለሁ። ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ለሥራ ለይቻለሁ። ኦሲሎስኮፕና ያገለገለ ካውንተር (የፍሪኩዌንሲ ቆጣሪ) አለኝ። ግን ካውንተሩን ራሱን በምን ልፈትሸው? ስለዚህ ያገለገለ አቶሚክ የፍሪኩዌንሲ ስታንዳርድ፣ ማለትም በአቶም ንዝረት የተያዘ የታመነ ፍሪኩዌንሲ የሚሰጥ ዕቃ፣ ልገዛ አስቤያለሁ። ሦስት ዕቃ አይቻለሁ፤ ሁለት ሩቢዲየም፣ ኤልፒአርኦ-101ና ኤፍኢ-5680ኤ፣ እና ትልቁን የኤችፒ 5061ኤ ሲዚየም። የሲዚየሙ ሻጭ "ይበራል" ነው የሚለው፤ ዋጋውም እንደ ስሙ አይደለም። አቦ የቱን ልያዝ ጋሼ? የኛ ሙቀትና የመብራቱ ነገርስ አያበላሸውም?»

ምላሽ፦ ሲዚየሙን ተወው። ከሁሉ በፊት ይህን የምነግርህ ገንዘብህን ሙልጭ አድርጎ ሊበላው የሚችለው እሱ ስለሆነ ነው።

ስሙ ያጓጓል፤ ይገባኛል። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የአንድ ሰከንድ ትርጉም ራሱ የተመሠረተው በሲዚየም አቶም 9,192,631,770 ንዝረት ላይ ነው። ሲዚየም ቤቱ ያለው ሰው የማንንም ምስክርነት የማይፈልግ መለኪያ አለው ማለት ነው። ችግሩ ግን ዕቃው ውስጥ ያለው ቱቦ አላቂ መሆኑ ነው። ቱቦው ውስጥ ትንሽ ሲዚየም አለ። ይሞቃል፣ ይተናል፣ በባዶው ቱቦ ውስጥ ተወርውሮ ሌላው ጫፍ ላይ ይቀራል። ተመልሶ አይመጣም። ሲያልቅ አለቀ፤ የሚሞላ ነገር አይደለም። አዲስ ቱቦ በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ዋጋ አለው። ብዙ ዓመት ሳይበራ የተቀመጠ ቱቦ ደግሞ ውስጡ ያለው ባዶነት ይበላሻል። «ይበራል» ማለት የፊት መብራቶቹ ይበራሉ ማለት ብቻ ነው። ስለ ቱቦው ምንም አይነግርህም። በዚያ ላይ ሲዚየም ከውሃ ጋር ሲገናኝ የሚፈነዳ ብረት ስለሆነ በአውሮፕላን ሲላክ እንደ አደገኛ ዕቃ ነው የሚቆጠረው። የማጓጓዣው ጣጣ ብቻውን ይበቃሃል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ለጥገና ሥራህ ብቻ ከሆነ እውነቱን ልንገርህ፤ አቶም አያስፈልግህም። የምትጠግናቸው የእጅ ሬድዮዎች ከሚሊዮን ሁለት ተኩል ገደማ ስህተት ይፈቀድላቸዋል። ሙቀቱ በትንሽ ምድጃ የተጠበቀ ጥሩ ኦቨን ክሪስታል (ኳርትዝ) ከ100 ሚሊዮን አንድ ላይ ከተስተካከለ፣ በ10 ሜጋኸርዝ ላይ ስህተቱ 0.1 ኸርዝ ነው። ለሬድዮ ጥገና ይህ ከበቂ በላይ ነው። ሩቢዲየም ደግሞ በደንብ ከተስተካከለ ስህተቱ ከ100 ቢሊዮን አምስት አካባቢ ይሆናል፤ በ10 ሜጋኸርዝ 0.0005 ኸርዝ ማለት ነው። ይህን ያህል ጥራት የምትፈልገው ሌሎች መለኪያዎችን ልትፈትሽ፣ ክሪስታሎችን ለቀናት ልትከታተል ወይም ማይክሮዌቭ ላይ ልትሠራ ካሰብህ ነው። ጥያቄህን ሳነብ «ካውንተሩን ራሱን በምን ልፈትሸው» የምትለዋ ነገር ያዘችኝ። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥገና ላይ አይቆምም። ስለዚህ ሩቢዲየም ግዛ እልሃለሁ። ግን ምን እንደምትገዛ እወቅ።

ሩቢዲየም ስታንዳርድ ውስጥ በመጠኑ ከጣት ጫፍ የማይበልጥ የመስታወት ላምፕ አለ። በውስጡ ጥቂት ሩቢዲየም አለ፤ በሬድዮ ሞገድ ተነቃቅቶ ሐምራዊ ብርሃን ይሰጣል። ብርሃኑ የሩቢዲየም ጋዝ ባለበት ሌላ መስታወት ውስጥ አልፎ ብርሃን ለቃሚው ላይ ያርፋል። ለዚያ ጋዝ 6.834682 ጊጋኸርዝ ገደማ የሆነ ማይክሮዌቭ ስትሰጠው፣ ልኩን ሲመታ ብርሃኑ በጥቂቱ ይደበዝዛል። ኤሌክትሮኒክሱ ያችን መደብዘዝ እየተከታተለ በውስጡ ያለውን ክሪስታል እዚያው ላይ ይይዘዋል፤ «መቆለፍ» የሚባለው ይህ ነው። ሥራው ይኸው ነው።

እንግዲህ ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በላምፑ ብርሃን ላይ ነው። በዓመታት ውስጥ ሩቢዲየሙ ወደ መስታወቱ ይሰርጋል፤ ላምፑ ይደክማል። አሁን ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ዕቃዎች ከሞባይል ታወርና ከቴሌኮም ጣቢያ የወጡ ናቸው። እዚያ ሌት ተቀን ያለ ዕረፍት ለዓመታት ሠርተዋል። ከላይ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ውስጣቸው ግን አንዱ ገና ብዙ ዓመት የሚሠራ፣ አንዱ ለጡረታ የደረሰ ነው። ስለዚህ የምትከፍለው ለቆርቆሮውና ለስሙ ሳይሆን ላምፑ ውስጥ ለቀረው ዕድሜ ነው።

ኤልፒአርኦ-101ን የምመርጥበት ዋናው ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ይህ ዕቃ የላምፑን ጤና በቮልቴጅ የሚያሳይ አንድ ፒን አለው። ሞልቲሜትር አስገብተህ ታነበዋለህ። የፋብሪካው መመሪያ ከ3 እስከ 14 ቮልት ይፈቅዳል። እኔ ዕቃው አንድ ሰዓት ከሞቀ በኋላ 6 እና ከዚያ በላይ ካየሁ ደስ ይለኛል። ወደ 4 የወረደውን በርካሽም ቢሆን አልገዛም። ስለዚህ ለሻጩ የምትጽፈው የመጀመሪያ መልእክት «ስንት ነው የመጨረሻው?» አይሁን። «አንድ ሰዓት አብርተህ የላምፑን ቮልቴጅ ለክልኝ፤ ሞልቲሜትሩ ከዕቃው ጋር በአንድ ፎቶ ይታይ» በለው። ዕቃውን የሚያውቅ ሻጭ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። «ተፈትኗል፣ ችግር የለውም» ብሎ ቁጥር የማይሰጥህን እለፈው። ሌላ ሻጭ አይጠፋም።

ለሻጩ የምታቀርበው ሁለተኛው ጥያቄህ ስለ መቆለፉ ይሁን። ቀዝቃዛውን ዕቃ ሲያበራው ጀምሮ እስኪቆልፍ ድረስ በቪዲዮ ያሳይህ። በስኮፕ ላይ ሲታይ ግልጽ ነው። አንዱ ቻናል ላይ የታመነ 10 ሜጋኸርዝ አስገብተህ በእሱ ትሪገር ታደርጋለህ (የእሱ ሞገድ ስክሪኑ ላይ ቆሞ እንዲታይ)፤ ሌላው ላይ ሩቢዲየሙን። መጀመሪያ ሁለተኛው ሞገድ ወደ ቀኝ ይንሸራተታል፤ ይዘገያል፤ ይቆማል፤ ዞሮ ወደ ግራ ይመለሳል። ዕቃው ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች እየፈለገ ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ፣ አንዱ ሽርተት ላይ እያለ፣ ሞገዱ በድንገት እንደተቸነከረ ቀጥ ይላል። የመቆለፊያ ምልክቱም ያኔ ይወርዳል። ጤነኛ ዕቃ ከ3 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ እዚህ ይደርሳል። ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲፈልግ የሚቆይ፣ ወይም ቆልፎ መልሶ የሚለቅ ከሆነ አትንካው።

ኤፍኢ-5680ኤም መጥፎ ዕቃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 አካባቢ ከ50 ዶላር በታች ሲሸጥ ብዙ ሰው የቤት ላቦራቶሪ የጀመረው በእሱ ነው። አሁን ያ ዋጋ የለም። የማልወድለት ነገር ዓይነቱ መብዛቱ ነው። ፋብሪካው ለየደንበኛው በየትእዛዙ ስለሠራው፣ አንዱ 10 ሜጋኸርዝ ይሰጣል፣ ሌላው ሌላ ፍሪኩዌንሲ፣ አንዱ በኮምፒውተር ይስተካከላል፣ ሌላው እሺ አይልም። ከውጭ ግን መለየት ከባድ ነው። በተጨማሪም 15 ቮልትና 5 ቮልት ለየብቻ ይፈልጋል። 10 ሜጋኸርዙን የሚያወጣው በዲጂታል ዘዴ አቀናብሮ ስለሆነ ከዋናው ሞገድ ጎን ጥቃቅን ቅጥያ ሞገዶች አይጠፉትም። ማይክሮዌቭ ድረስ ካባዛኸው ያስቸግርሃል። ፒአርኤስ-10 የሚባለውን ሌላ ሩቢዲየም ካገኘህና ኪስህ ከቻለ ከሁለቱም ይሻላል፤ ከጂፒኤስ ሰዓት ጋር ራሱን እያስተያየ ያስተካክላል። ዋጋው ግን ሌላ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። በሚያምር ሳጥን ውስጥ፣ ስክሪን ተገጥሞለት፣ «አዲስ ሩቢዲየም» ተብሎ የሚሸጥ አለ። ሳጥኑ አዲስ ነው። ውስጡ ያው ከታወር የወረደ አሮጌ ዕቃ ነው። ከገዛህም የውስጡን ፎቶና ሞዴል ጠይቀህ ግዛ።

ስለ ሙቀቱ መጠየቅህ ተገቢ ነው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ድሬዳዋ ላይ ሩቢዲየም የሚገድለው እሱ ነው። ዕቃው ውስጥ ላምፑና ጋዙ የሚቀመጡባቸው ሁለት ትንንሽ ምድጃዎች አሉ። የላምፑ ከ100 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ምድጃ ማሞቅ እንጂ ማቀዝቀዝ አይችልም። ስለዚህ የዕቃው መቀመጫ ብረት በጣም ከሞቀ ቁጥጥሩ ይጠፋል። ኤልፒአርኦ መቀመጫው እስከ 70 ዲግሪ ቢፈቀድለትም እዚያ መድረስ የለበትም። ክፍልህ በግንቦትና በሰኔ 35 ዲግሪ ሆኖ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ዝም ብለህ ብታበራው፣ መቀመጫው ያለ ችግር 60ን ያልፋል። ያኔ ላምፑ ብቻ አይደለም የሚያረጀው፤ ቦርዱ ላይ ያሉት ካፓሲተሮችም ይደርቃሉ። በደረቁ ቁጥር ደግሞ መቆለፉ ይዘገያል፤ ሰው ላምፑን ይወቅሳል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ቢያንስ የመጽሐፍ ስፋት ያለው፣ ክንፍ ያለው ወፍራም አሉሚኒየም ፈልግ። እዚያው ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ከድሮ አምፕሊፋየርና ከኢንቨርተር የወጣ አታጣም። ዕቃውን በቴርማል ፔስት አጣብቀህ በብሎን እሰረው። ክንፉ ላይ ቀስ ብሎ የሚዞር ትንሽ ፋን ግጠም። ፋኑ ቀጥታ ዕቃው ላይ አይንፋ፤ ብረቱ ላይ ይንፋ። ፍጥነቱም አይቀያየር። ሩቢዲየም ሙቀት ቢበዛበት ይጎዳል፤ የሚበልጠው የመለኪያ ጠላት ግን የሙቀት መዋዠቅ ነው። በር ሲከፈት ንፋስ የሚመታው ዕቃ ከሞቃታማ ግን ከማይዋዥቅ ዕቃ የባሰ ይሆናል። የእጅህን ጀርባ ብረቱ ላይ አድርገህ ሳታነሳ መቆየት ከቻልክ ደህና ነህ፤ ሐሳቡ 45 ዲግሪ አካባቢ እንዲሆን ነው። ሐረር ብትሆን ኖሮ ይህን ያህል አልጨቀጭቅህም ነበር።

ወደ መብራቱ እንሂድ። እዚህም ኤልፒአርኦ ይሻልሃል። ከ19 እስከ 32 ቮልት ድረስ ይቀበላል። ስለዚህ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ በተከታታይ አገናኝተህ፣ ቻርጀሩ 27 ቮልት ገደማ ላይ ይዟቸው፣ ዕቃውን በቀጥታ ከባትሪው ላይ ማሠራት ትችላለህ። መብራት ሲጠፋ ዕቃው አያውቀውም። ሲነሳ እስከ 1.7 አምፒር ይጠጣል፤ ሲሞቅ ወደ ግማሽ አምፒር ይወርዳል፤ 12 ዋት ገደማ መሆኑ ነው። ሁለት ባለ 7 አምፒር-ሰዓት ጤነኛ ባትሪ፣ እስከ ግማሹ ብቻ ብትጠቀምበት፣ ከ6 እስከ 7 ሰዓት ያቆይሃል። ከባትሪው በኋላ ፊውዝ አትርሳ። ርካሽ የኮምፒውተር ቻርጀር እንደ ፓወር ሰፕላይ አትጠቀም፤ 19 ቮልቱ ጠርዝ ላይ ነው፣ የኤሌክትሪክ ጫጫታውም ወደ ሞገዱ ይገባል። ባትሪ ግን ጸጥ ያለ ምንጭ ነው። ለመለኪያ ሥራ ይህም ሌላ ጥቅም ነው።

ባትሪውም አልቆ ቢጠፋ አትደንግጥ። ሩቢዲየም ሲነሳ በደቂቃዎች ቆልፎ ወደነበረበት በጣም ቅርብ ይመለሳል። ኦቨን ክሪስታል ግን ጠፍቶ ሲነሳ ለመርጋት ቀናት ይፈልጋል። መብራት በሚመላለስበት ከተማ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

አሁን የማትጠብቀውን ልንገርህ። ሩቢዲየም ብቻውን ስታንዳርድ አይደለም። ከሲዚየም የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ከሌላ ጋር ተነጻጽሮ መስተካከል አለበት፤ በየወሩም ትንሽ ትንሽ ይሄዳል። ሻጩ «አስተካክዬዋለሁ» ቢልህ እንኳ ድሬዳዋ ሲደርስ ሌላ ነው። ጋዙ ያለበት መስታወት የውጭውን አየር ግፊት በጥቂቱ ይሰማዋል። ሻጩ ባሕር ጠረፍ ላይ ነው ያለው እንበል። አንተ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነህ። ግፊቱ ሲቀንስ ፍሪኩዌንሲው ትንሽ ይነቃነቃል። ስለዚህ ማስተካከያው የግድ ያንተው ቤት ውስጥ፣ ባንተው ሙቀት መደረግ አለበት።

በምን? በጂፒኤስ። ገንዘብህን ስትመድብ ከሩቢዲየሙ ጎን ለጎን የጂፒኤስ ሰዓት መቀበያ አስብ። ያገለገለ ትሪምብል ተንደርቦልት ብታገኝ ጥሩ ነው። ቀኑን በ19 ዓመት ከምናምን ወደኋላ ሊያሳይህ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2017 ጀምሮ የሳምንት ቆጠራው ስለዞረበት ነው። 10 ሜጋኸርዙን አይነካውም። አንቴናው ከቆርቆሮው ጣሪያ በላይ፣ ሰማይ በሙሉ የሚታይበት ቦታ ይሁን። መስኮት ላይ አስቀምጠህ ጥሩ ውጤት አትጠብቅ።

ታዲያ ጂፒኤሱ ካለ ሩቢዲየሙ ለምን? ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከአገራችን አቀማመጥ ጋር የተያያዘ ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፈው በኛው በኢትዮጵያ በኩል ነው። ከላያችን ያለው አየኖስፌር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የተሞላው የላይኛው የአየር ሽፋን፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይታወካል፤ በተለይ በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ። የጂፒኤስ ሞገድ በዚያ ውስጥ ሲያልፍ ይርገበገባል። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ የሚሠራ ርካሽ መቀበያ ማታ ማታ ሰዓቱ ሲዋዥቅ ታየዋለህ። ሰሜን አውሮፓ ያለ ሰው የጻፈውን ምክር አንብበህ «የኔ ለምን እንዲህ ሆነ» ብትል ምክንያቱ ይህ ነው። ጂፒኤስ በአንድ ቀን አማካይ እጅግ ትክክል ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ግን ይዋዥቃል። ሩቢዲየም በሰዓታት ውስጥ የረጋ ነው፤ በወራት ይሄዳል። አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል።

ማነጻጸሩ ቀላል ነው። ሁለቱን 10 ሜጋኸርዝ ስኮፑ ላይ አስገባ። አንድ ሙሉ ዑደት 100 ናኖ ሰከንድ ነው። አንድ ዑደት ለመንሸራተት 1,000 ሰከንድ፣ ማለትም 17 ደቂቃ ገደማ ከፈጀበት፣ ልዩነቱ ከ10 ቢሊዮን አንድ ነው። 10,000 ሰከንድ ከፈጀበት፣ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ከ100 ቢሊዮን አንድ ነው። የስኮፑን ስክሪን በስልክ ፎቶ እያነሳህ ሰዓቱን መመዝገብ ይበቃል። ልኬቱን ጠዋት አድርገው፤ ማታውን ተወው። ከዚያ ማስተካከያዋን ብሎን ሽርፍራፊ ታህል አዙረህ ጠብቅ። እሷ የምትቀይረው በመግነጢስ ጥቅልል ውስጥ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ነው፤ ክልሏ ጠባብ ነው። ጫፍ ድረስ አዙረህም ልኩ ላይ ካልደረሰ ዕቃው በጣም አርጅቷል።

አንድ የሚያስደስተኝን ነገር ሳልነግርህ አላልፍም። በአንስታይን ሕግ መሠረት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ ሰዓት ይፈጥናል። የደንገጎን ዳገት ወጥተህ ሐረር ብትደርስ ወደ 700 ሜትር ከፍ ትላለህ። ሐረር ላይ የተቀመጠ ፍጹም ሰዓት ድሬዳዋ ካለው በቀን 6 ናኖ ሰከንድ ገደማ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ አሜሪካዊ የሰዓት አፍቃሪ ሦስት ሲዚየም መኪናው ላይ ጭኖ፣ ልጆቹን ይዞ ሬኒየር ተራራ ላይ አድሮ ሲመለስ፣ ሰዓቶቹ 20 ናኖ ሰከንድ ያህል ቀድመው ተገኝተዋል። ባንተ አሮጌ ሩቢዲየም ይህን አትለካውም፤ የግፊቱ ለውጥ ብቻውን ይሸፍነዋል። ግን ሳቢያን ያለ ሰው ስለዚህ ነገር በቁጥር ማሰብ መቻሉ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ጉምሩክ ላይ «አቶሚክ» የሚለው ቃል ብቻውን ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። ሻጩ በደረሰኙ ላይ ዕቃውን በሙሉ ስሙ ይጻፍ፤ 10 ሜጋኸርዝ ሩቢዲየም ኦሲሌተር፣ ከቴሌኮም ጣቢያ የወጣ። የፋብሪካውን መግለጫ ወረቀት አትመህ ያዝ። ውስጡ ያለው ሩቢዲየም እጅግ ጥቂት ነው፤ በመስታወት ታሽጓል፤ ከኒውክሌር ነገር ጋር አይገናኝም። ይህን በትሕትና ማስረዳት ያንተ ድርሻ ነው። ደግሞም ለደንበኛ የምስክር ወረቀት መስጠት ካሰብክ፣ የቤትህ ሩቢዲየም አይበቃም። እሱ አዲስ አበባ ያለው የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ሥራ ነው።

ሲደርስህ ወዲያው አትክፈተው፤ አትነካካው። በመጀመሪያው ቀን የላምፑን ቮልቴጅ ጽፈህ አስቀምጥ፤ ከሻጩ ፎቶ ጋር አስተያየው። ከዚያ ለሳምንት ያህል ሳታጠፋው አሠራው፤ ብሎኗን የምትነካው ከዚያ በኋላ ነው። ሥራ ላይ ከዋለ ግን ሌት ተቀን እንዲበራ አልመክርህም። ላምፑ የሚያረጀው ሲበራ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የምትለካ ከሆነ ጠዋት አብርተህ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሥራህን ጀምር፤ ስትጨርስ አጥፋው። የላምፑን ቮልቴጅ በየወሩ አንዴ መዝግብ። ቁጥሩ ባለበት ከቆየ እሰየው፤ በተከታታይ ከወረደ ግን ሌላ ዕቃ የምትፈልግበት ጊዜ ድንገት ሳይመጣብህ ቀድመህ ታውቃለህ።